ጋሼ ቅጠል

ሰውየው እናቴ ነበረች!

በቃ፣ ተናገርኩት። ከዚህ በላይ ሆዴ ውስጥ ላቆየው አልችልም። ሰፈር ሙሉ እናቴን ያማበት የነበረው፣ አክስቴና አጎቴ እኔን ነጥቀው ለመውሰድ ምክንያት ያደረጉት፣ እኔ ራሴ ስንት ዓመት ስጠብቀው፣ ስናፍቀው፣ በኋላ ደግሞ ስረግመው የኖርኩት ያ ቅጠል ቅጠል የሚሸተው ሰውዬ የለም። ኖሮም አያውቅም! ሽቶው የእናቴ ነበር። ራሷ ቀምማው፣ ራሷ ክንዷ ላይ ቀብታው። የሚያሳብደኝ ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ ያን ቀን እጇን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ አንዲት ጠርሙስ ብታወጣ ሁሉም ኩም ብለው ይወጡ ነበር። አላወጣችም። ሆን ብላ ነው ያላወጣችው!

ይሄን ያወቅኩት ዛሬ ጠዋት ነው። አሁን የእናቴ አዲሱ ሱቅ ጓሮ ካርቶን ላይ ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ኧረ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ አለዚያ ምንም አይገባችሁም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነው። አባቴ እኔ መራመድ ሳልጀምር ነው የሞተው፣ ስለዚህ ቤታችን እኔና እናቴ ብቻ ነን። የምንኖርበት ፎቅ ምድር ቤቱ ላይ አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ፊት ለፊት «እትዬ» ትባላለች፤ ዞር ስትል «ራዲዮ»። የስፌት መኪናዋ እንኳ ክር ሲያልቅበት ይቆማል፣ እሷ አትቆምም። ከትምህርት ቤት ስመለስ እናቴ ለምሳ እስክትመጣ እሷ ጋ ነበር የምቆየው፤ ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ መሃል። ከዚያ ሆኜ የሚታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው። የሚሰማኝ ግን ሁሉም ነገር ነው።

እናቴ ሽቶ ቤት ተቀጥራ ነበር የምትሠራው። ከትልልቁ ጠርሙስ ወደ ትንንሽ ብልቃጥ ትቀዳለች፣ ለደንበኛ ታስሸትታለች። እኔ እዚያ ገብቼ አላውቅም። ባለቤቱ «ልጅና ጠርሙስ አንድ ቤት አይገቡም» ባይ ነበር። ግን የሱቁን ሽታ ከልብሷ አውቀዋለሁ፤ ጎረቤቱም ያውቀዋል። ጣፋጭ ነው፣ ከባድ ነው፤ ሊፍት ውስጥ ዘንጠው የወጡ ሴትዮዎች መሃል የተጣበቃችሁ ዓይነት ነው።

ያ የሙቀት ወቅት ሲገባ ግን እናቴ ሌላ ነገር መሽተት ጀመረች።

ናና በመዳፋችሁ ጨፍልቃችሁ ታውቃላችሁ? እሱን አስቡ። እሱ ላይ የሎሚ ልጣጭ። እሱ ላይ በሶብላ፣ ትንሽ መረር የሚል። ከሥር ደግሞ አዲስ የተቀረጸ እርሳስ የሚመስል ደረቅ ንጹሕ እንጨት። አስፋልቱ ጫማ ይዞ በሚያስቀርበት በዚያ ሙቀት ሲሸታችሁ አንድ ሰው በር ከፍቶ ጥላ ያስገባላችሁ ይመስላችኋል። እና የሴት አልነበረም! እንዴት እንዳወቅኩ አትጠይቁኝ። ልጅ ያውቃል በቃ።

ደግሞ የሚሸተው ከግራ ክንዷ ብቻ ነው። ሶፋ ላይ አቅፋኝ ቀኟን አሸተትኩ፤ ሳሙና። ግራዋን አሸተትኩ፤ ጫካ። የሰባት ዓመት ጭንቅላቴ ወዲያው ሒሳቡን ሠራው፦ አንድ ሰውዬ አለ፣ ሲሄዱ በግራዋ በኩል ነው የሚሆነው፣ ክንዷን ይዟት ነው የሚሄደው። ስሙን ስላልነገረችኝ እኔ አወጣሁለት። ጋሼ ቅጠል።

አባት አልለመንኩም እሺ? አታሳዝኑኝ። ግን ጋሼ ቅጠልን ወደድኩት። እንደዚያ የሚሸት ሰው የሚጮህ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴ ከሥራ መጥታ በራዲዮ በር አለፈችና ደረጃውን ሽቅብ ወጣች። ራዲዮ መኪናዋን አቆመች። ጉርዷን ልታሳጥር የመጣች ነርስ ጎረቤታችን አጠገቧ ቆማለች፤ ነጭ ጫማዋ ይታየኛል።

«ሸተተሽ?» አለች ራዲዮ።

«ምኑ?»

«አፍንጫሽ ተደፍኗል እንዴ? የወንድ ሽቶ'ኮ ነው!»

«ሽቶ ቤት አይደል እንዴ የምትሠራው ታዲያ።»

«የሽቶ ቤቱን እኔ አጣዋለሁ? እሱን ስንት ዘመን ሳነጥስበት ኖሬ! ይሄ ሌላ ነው። ይሄ የቀን ነው።»

«የቀን ሽቶ ደግሞ አለ?»

«የኔ እህት፣ ወንድ ማታ ሲወጣ የሚያፍን ነገር ነው የሚነፋው። ሊደበቅበት። ለጠራራ ፀሐይ እንዲህ ቀለል ያለ፣ ቅጠል ቅጠል የሚል የሚቀባ ግን ማንንም የማይፈራ ነው።»

«ኧረ ተይ! የት ነው የሚመጣው?»

ራዲዮ ምን እንዳሳየች አላየሁም፤ ክንዷ ሽቅብ ሲሄድ ግን አየሁ። «ጣራ ላይ። ልብ በያት፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጀመሪያ ቤቷ አትገባም። ጣራ ነው የምትወጣው። ስትወርድ ፊቷ ቀልቶ፣ አልቧት፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ።»

«ውይ! ልጅቷ ትሰማለች!»

«እሷማ ጨርቋ ላይ ነች።»

ጨርቄ ላይ አልነበርኩም። በሁለቱ ጫማዎች መሃል ሾልኬ ወጣሁና ደረጃውን እየሮጥኩ ወጣሁ። ደስ ብሎኝ ነው'ኮ የምሮጠው! ጋሼ ቅጠል እላይ ነው ተባለ እኮ!

ጣራው ላይ የሰው ሁሉ አንሶላ ተሰጥቷል። ፀሐይዋ ነጭ ሆና ዓይን ትወጋለች። እናቴ አንሶላዎቹ መሃል እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰብስባ፣ ግራ ክንዷን ወደ ፀሐይ ዘርግታ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ፈጥና ፈጥና፣ አውቶቡስ ሊያመልጠው እንዳለ ሰው። ከዚያ ቆም ትልና ክንዷን አፍንጫዋ ላይ ታደርጋለች፣ ዓይኗን ትጨፍናለች። ፊቷን እንደዚያ አይቼው አላውቅም። ከዚያ ድንገት ቆጣ ብላ «ትንሽ ብትቆይ ምን አለበት!» አለች። ለማንም። ለባዶ ቦታ። ከዚያ ብቻዋን ሳቀች።

እኔ ምን አሰብኩ? አሁን ሄደ አልኩ! አሁን፣ በዚህች ደቂቃ! ተንበርክኬ ከአንሶላዎቹ ሥር እግር ፈለግሁ። የወንድ ጫማ የለም። ፈጣን ሰው ነው አልኩ። አደነቅኩት ሁሉ።

ዛሬ ጠዋት እናቴ ስታስረዳኝ እንዴት እንዳፈርኩ! ወረቀት ላይ ያሸተቱት ሽቶ ውሸት ነው አለችኝ። ሽቶ ቆዳ ላይ ነው የሚፈተነው፣ ላብ ሲነካው፣ ደም ሲሞቅ። «ለሙቀት ቀን የሚሆን ሽቶ እየሠራሁ ጥላ ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው የምሞክረው?» ስለዚህ ምሳዋን ትታ ደረጃውን ትሮጣለች፣ ጣራው ላይ ክንዷን ፀሐይ ታስመታለች፣ እንዲያልባት። ላቡ ሲመጣ ሽቶው ይጠነባል ወይስ ይቀጥላል? ያ ነው ፈተናው። ግራ ክንዷ ላይ ብቻ የሆነው ቀኟ ንጹሕ ሆኖ አፍንጫዋ ማረፊያ እንዲያገኝ ነው። ያ ቁጣ ደግሞ ለሎሚው ነበር፤ ሎሚው ቶሎ እየጠፋባት።

ለምን ተደብቃ ትሠራው እንደነበርም ጠየቅኳት። መጀመሪያ ለሱቁ ባለቤት አሳይታው ነበር አሉ። የከተማው ወንድ በዚያ ሙቀት ከባድ ሽቶ ነፍቶ አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲያፍን እያየች፣ ለቀን የሚሆን፣ ቀላል፣ አረንጓዴ ነገር እንሥራለት ብላ። ሰውየው አሸተተና «ወንድ ልጅ ሰላጣ ይቀባል እንዴ?» አላት። ሱቁ ሙሉ ሳቀባት። «ሁለተኛ እዚህ ቤት ቅጠል እንዳላይ» አላት። እሷም «እሺ» አለችና ቅጠሏን ጣራ ላይ አወጣችው።

እንደዚህ ናት። «እሺ» ስትል እሺ ማለቷ አይደለም።

ወሬው አክስቴ ጋ ደረሰ። የአባቴ እህት። ራዲዮ ለእሷ ልብስ ትሰፋላት ነበር፣ ስለዚህ እንዴት ደረሰ ማለት አያስፈልግም።

አክስቴና አጎቴ እሁድ ከሰዓት መጡ። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፣ መኪና መንዳት ያስተምራል። አንድ ልማድ አለው፦ የማይወደው ነገር ሲሰማ ቀኝ እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬን ይረግጣል። ሳያውቀው ነው። አክስቴ ደግሞ አዲስ ጫማ ይዛልኝ መጣች። ቀይ፣ ማሰሪያው የሚያበራ! እዚያው ተንበርክካ አጠለቀችልኝ፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ጫማው አምሮብኝ ነው ብዬ ነው።

አሁን ነው የሚገባኝ። የመንገድ ጫማ ነበር። ይዘውኝ ሊሄዱ ነው የመጡት።

አክስቴን ክፉ አድርጌ እንዳልነግራችሁ። ወንድሟ ሞቶባታል፤ እኔ ላይ የእሱን ዓይን ነው የምታየው። ከልቧ ነበር የምትፈልገኝ። ያ ነው የሚያስፈራው።

እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ግራ ክንዷ ይሸታል። እሁድም ቀብታዋለች! ክፍሉ ሞልቶ ነበር፣ ማንም ያልሸተተው ለመምሰል ይሞክራል።

አጎቴ ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ… ነገሩን ማለባበስ አያስፈልግም። ሰው ብዙ ያወራል።»

«ምን ይላል?» አለች እናቴ።

«አንቺው ታውቂዋለሽ።»

«እኔማ ሥራ ላይ ነው የምውለው ጋሼ። እርስዎ ሰምተው ከሆነ ይንገሩኝ።»

ፍሬን።

አክስቴ ገባችበት። «የወንድማችን አጥንት ገና አልደረቀም፣ አንቺ በጠራራ ፀሐይ ጣራ ላይ ሰው ትቀበያለሽ? ልጅ እያየ? ይሄው አሁንም ይሸተኛል! ከማን ነው የተጣበቀብሽ ይሄ?»

«እትዬ፣ ሰባት ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ለእኔ ትናንት ነው!»

«ለእኔም ነው» አለች እናቴ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ።

ከዚያ አጎቴ «እኛ አንቺን ልንፈርድ አልመጣንም» አለ። ፈርዶ ሲጨርስ ሰው እንደዚህ እንደሚል ያኔ አላውቅም ነበር። «ኑሮሽ ነው፣ እንደፈለግሽ ኑሪ። ልጅቷን ግን እኛ እናሳድግ። እህቴ ክፍል አዘጋጅታላታለች። ሰውየው ከሌለ የለም በይን፣ የሽቶውንም ነገር አስረጂን፣ እንሄዳለን። ካለ ግን ልጅቷ ዛሬውኑ ከእኛ ጋር ነች።»

ያኔ የእናቴን እጅ አየሁ። ቀኝ እጇ ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። የሆነ ነገር ጨበጠ፤ የቦርሳው ቆዳ ከውጭ በኩል ጎበጥ ሲል አየሁት። መሃረብ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ልታለቅስ ነው ብዬ። እና እናቴ በሰው ፊት ስታለቅስ ማየት ስለማልችል፣ በዚያ ላይ ጋሼ ቅጠል እዚያ ሳይኖር ሲታማ ስላናደደኝ፣ ተነሳሁ። በሚያበራው ጫማዬ ክፍሉ መሃል ቆምኩ።

«ጋሼ ቅጠልን ነው የምትሉት?» አልኩ።

ሁሉም ዞሩ።

«ማንን?» አለች አክስቴ።

«ሰውየውን! አዎ አለ! ረጅም ነው። እጅጌውን ይሰበስባል። አይጮህም። እማዬን በግራ በኩል ነው የሚይዛት። እኔ እወደዋለሁ! እማዬ ከፈለገች ታግባው! እሱ ካልመጣ እኔ የትም አልሄድም!»

የአጎቴ እግር ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ረገጠው። «ይሄው! ሕፃኗ መሰከረች!»

አክስቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። እናቴ ደግሞ… ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ፊቷን ሸፈነች። በጣቶቿ መሃል እንባ ይወርዳል። ወይኔ አስለቀስኳት ብዬ ልሞት ደረስኩ።

ዛሬ ጠየቅኳት። እየሳቀች ነበር! «ረጅም ነው፣ እጅጌውን ይሰበስባል» ስል መያዝ አቃታት። ታስቡታላችሁ? ልጇ ልትወሰድባት፣ እሷ ሳቅ ይዟት!

ፊቷን ስትገልጥ ግን ሌላ ሰው ነበረች። እጇን ከቦርሳው አወጣች፤ ባዶውን። ዚፑን ዘጋችው። ያ የዚፕ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ከዳር እስከ ዳር።

«ሰማችሁ አይደል?» አለች። «ልጄ ትወደዋለች። ሌላ ጥያቄ አለ?»

«አታፍሪም?» አለች አክስቴ።

«ማንን?»

«ሰውን!»

«ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ይየኝ። በር የለውም ጣራው።»

«ማነው ሰውየው? ስሙ ማነው?» አጎቴ ተነስቶ ቆመ።

«ልጄ ነገረችዎት እኮ። ጋሼ ቅጠል።»

«ትቀልጂያለሽ!»

«አልቀልድም ጋሼ። ቢኖር ምን ያደርጉኛል? ባይኖርስ ምን ይሰጡኛል? ማን ሸተተብሽ ብሎ ሊጠይቀኝ መብት የነበረው አንድ ሰው ነበር፤ እሱ ደግሞ ጠይቆኝ አያውቅም። ወንድምዎ ነበር።»

አክስቴ ብድግ ብላ እጄን ያዘች። «ነይ የኔ ልጅ።» እጇ ይሞቃል፣ አጥብቃ ነው የያዘችኝ። ወደ በሩ ወሰደችኝ።

እናቴ አልጮኸችም። አንዱን የእንጨት ወንበር አንስታ ቀደመችንና በሩ ላይ አደረገችው፤ ልክ መሃሉ ላይ። ተቀመጠችበት። እግሯን አጣምራ፣ ቦርሳዋን ይዛ። የሚወጣ የለም፣ የሚገባም የለም!

«ምን ማለትሽ ነው?» አለ አጎቴ።

«መሄድ የፈለገ ይንገረኝ፣ እነሳለታለሁ። አንድ በአንድ። ልጄ ግን ውስጥ ነው የምትቀረው።»

«ተነሽ በይ!»

«እሺ» አለች። አልተነሳችም።

ስንት ሰዓት እንደቆየን አላውቅም። ለእኔ የዓመቱ የትምህርት ቤት ዕረፍት ያህል ረጅም ነበር። አጎቴ ወደ መስኮቱ ሄደ፣ ተመለሰ። አክስቴ እጄን እንደያዘች እሷም ቁጭ አለች፣ ግን ወለሉ ላይ፣ ከእኔ ጋር። የጫማዬን መብራት አብርታ አጠፋች። ደረጃው ላይ ራዲዮ «ሰላም ነው?» እያለች ሁለቴ መጣች። እናቴ ከወንበሯ ሳትዞር «ሰላም ነው እትዬ፣ እንግዳ አለን» ትላታለች፣ በጣም በጨዋ ድምፅ።

በመጨረሻ አጎቴ ነው የተሸነፈው። ተማሪ ቀጥሮ ነበር። «እባክሽ አሳልፊኝ» አለ፣ ወደ ግድግዳው እያየ። ተነሳች፣ አሳለፈችው፣ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ አክስቴ። እጄን ስትለቀው ጣቶቼ ነጭ ሆነው ነበር። በሩ ላይ ስትደርስ «ጫማውን አታውልቂባት» አለቻት እናቴን። እናቴም «አላወልቅባትም» አለች።

በማግስቱ እናቴ ሁለቱንም ክንዷን ቀብታ ወጣች! ሁለቱንም! በራዲዮ በር ፊት ለፊት፣ እጅጌዋን ሰብስባ። እኔ ጋሼ ቅጠል ሊያጽናናት መጥቶ በሁለት እጁ አቀፋት ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ደስ አለኝ።

ግን ነገሩ በነጻ አላለፈም። አክስቴ ለዓመታት ደጃችንን አልረገጠችም። ራዲዮ ልጅ አላቆይም አለች፤ እኔም ቁልፍ አንገቴ ላይ አስሬ ብቻዬን ቤት መግባት ጀመርኩ። ደረጃው ላይ ሰዎች እናቴን በግማሽ አፍ ሰላም ይሏታል፤ እሷ ሙሉውን ትመልሳለች። ልደቴ ላይ የጎረቤት ልጆች አልመጡም። ያን ቀን ኬኩን ለሁለት በላነው፤ እኔ ግን ሦስተኛ ሳህን አስቀምጬ ነበር። እናቴ ለማን ነው አላለችኝም። ለአባቴ መስሏት ነው አሉ።

ለጋሼ ቅጠል ነበር! ሙቀቱ አለፈ፣ ሽታው ጠፋ፣ እሱም አልመጣም። አውቶቡስ ውስጥ የወንዶችን ሸሚዝ አሸትት ነበር፣ እውነቴን ነው። አንዴ ናና ማስቲካ የሚያኝክ ሰውዬ ተከትዬ ሁለት ፌርማታ አለፈኝ። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሆነኝ ተስፋ ቆረጥኩ። ያን ሁሉ ሰው ተጋፍጠንልህ ጥለኸን ትሄዳለህ? ወንድ ሁሉ እንደዚህ ነው አልኩ። ክፍሌ ውስጥ የነበረ አንድ ልጅ ደብዳቤ ሲጽፍልኝ ሳልከፍተው ቀደድኩት። ምስኪን፣ በጋሼ ቅጠል ዕዳ!

እና ዛሬ። እናቴ የራሷን ሱቅ ከፈተች! ጠባብ ናት፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ይጠብቃል፣ ግን የራሷ ናት። እኔ ፈተናዬን ስለጨረስኩ መደርደሪያ እያጸዳሁላት ነው። የመጀመሪያው ደንበኛ ገባ፤ የታክሲ ሹፌር ነው፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«እናት፣ ቀን ቀን የሚሆን ነገር አለሽ? ተሳፋሪ የማያስነጥስ።»

«አለኝ» አለች። ከመደርደሪያው ሥር አንድ ጠርሙስ አወጣች፣ አንዲት ጠብታ ክንዱ ላይ አደረገችለት። «ወረቀት ላይ አላስሸትትም። ውጭ ወጥተህ ፀሐይ አስመታውና ተመለስ።»

ሽታው መጣ።

ጨርቁ ከእጄ ወደቀ። «ጋሼ ቅጠል!» ብዬ ጮህኩ።

ሹፌሩ «እኔን ነው?» አለ፣ ወደ ኋላው እያየ።

እናቴ አፏን ከፍታ አየችኝ። «አንቺ… እስካሁን ታስታውሻለሽ? ያን ውሸትሽን?»

«የምን ውሸት?»

«ያን ቀን ዋሽተሽ ያዳንሽኝን ነዋ! ረጅም ነው፣ እጅጌውን ይሰበስባል ያልሽውን!»

«አልዋሸሁም! አምኜ ነው!»

ተያየን። ሹፌሩም አየን። ይሄን ሁሉ ዓመት እናቴ ልጄ ለእኔ ብላ ሰው ፈጠረች እያለች ስትኮራብኝ፣ እኔ ደግሞ እናቴን ጥሎ በሄደ ሰው ስናደድ! ስንስቅ ሹፌሩ ራሱ ምንም ሳይገባው አብሮን ሳቀ። ገዛ ደግሞ!

እሱ ሲወጣ ግን ሳቄ ቆመ። የቦርሳው ነገር ትዝ አለኝ፣ ያ ጎበጥ ያለው ቆዳ።

«እማዬ፣ ያን ቀን ቦርሳሽ ውስጥ የጨበጥሽው ምን ነበር?»

«ይሄንኑ ጠርሙስ።»

«እና ለምን አላወጣሽውም? 'እኔ ነኝ የሠራሁት፣ አሽትቱ' ብትያቸው እኮ ያልቅ ነበር! ሊወስዱኝ ነበር እኮ!»

ጠርሙሱን በጨርቅ እየወለወለች መለሰችልኝ። «ባወጣው ምን ይሉ ነበር? 'እሺ፣ ይሄስ ይሁን' ይሉና ይቀመጣሉ። በሚቀጥለው ደግሞ ቀሚስሽ ለምን አጠረ፣ ለምን ሳቅሽ፣ ለምን አመሸሽ ብለው ይመጣሉ። ለሁሉም ጠርሙስ ከየት አመጣለሁ? አንዴ ንጹሕ ነኝ ብዬ ካስረዳኋቸው ዕድሜ ልኬን ሳስረዳ ልኖር ነው።»

«እና ቢወስዱኝስ?»

ጠርሙሱን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠችው።

«ወንበሩ ላይ ለምን የተቀመጥኩ ይመስልሻል?» አለች። «ለመኩራት ነው? እግሬ መቆም አቅቶት ነው።»

ከዚያ ወዲህ ነው እዚህ ጓሮ መጥቼ ካርቶን ላይ የተቀመጥኩት። አንዴ ልሄድና ልስማት ያምረኛል፣ አንዴ ልጮህባት። ልክ ነበረች! አይ፣ እኔን ነበር እኮ ያስያዘችው! አይ፣ ልክ ነበረች! ለማንም አልተንበረከከችም። እኔ ብሆን በሦስት ሰከንድ ነበር የማወጣው፣ ጠርሙሱንም፣ የሎሚውን ልጣጭም፣ የጣራውን ደረጃም። ወይስ አላወጣም? ጨንቆኛል።

እስቲ እናንተ ንገሩኝ፣ ግን ለማስመሰል ሳይሆን ከልባችሁ። ልጃችሁ አዲስ ጫማዋን አድርጋ በሩ ጋ ቆማለች፣ እጇን ሌላ ሰው ይዞታል። ጠርሙሱ ቦርሳችሁ ውስጥ ነው፣ ጨብጣችሁታል። ሁሉም እናንተን እያዩ መልስ ይጠብቃሉ።

ታወጡታላችሁ?